ዝጋ ያለው ሥር

ኑ ጠጋ በሉ፣ ተረት ላወራ ነው። «እሺ» በሉኝ እንጂ!

ዕድሜ ልኩን ከድንጋይ ጋር እየታገለ ውሃ የሚፈልግ አንድ የዋንዛ ሥር ነበር። አንድ ቀን ጉንዳን መጥታ፣ ቅጠሉ ከሆዱ ሥር ባሉት ጥቃቅን አፎች ውሃውን እንደሚያተነው ነገረችው። ሥሩ ደሙ ፈላ።

«አንተ ቅጠል! እኔ እዚህ ጨለማ ውስጥ ፍዳዬን አይቼ ያመጣሁትን ነው ለነፋስ የምትበትነው? ዝጋ ያን አፍህን!»

«ጋሼ፣ ብዘጋው እኮ እርስዎ...»

«ዝጋ አልኩህ!»

ቅጠሉ ዘጋ። ሥሩ «ተመስገን» ብሎ ሳይጨርስ ውሃው መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ቢገፋው፣ ቢገፋው ወይ ፍንክች። ለካ እስከዛሬ ወደ ላይ ሲስበው የኖረው ቅጠሉ ነው! ውሎ አድሮ ደግሞ ቅጠሉ በነዚያው አፎች አየር እየሳበ በፀሐይ እያበሰለ የሚያወርድለት ምግብ ቀረ። ሥሩ አንጀቱ ታጠፈ፤ ጉልበቱ ከዳው፤ ዋንዛውም ከጫፉ መድረቅ ጀመረ።

ቢቸግረው ወደ ላይ አንጋጦ ጮኸ፦ «አንተ! ምን ሆነህ ነው?»

ቅጠሉ ዝም። አፉ ዝግ ነዋ!

«ክፈተው እንጂ!» አለ ሥሩ እየተንገሸገሸ። «ደግሞ ማን ዝጋ አለህ?»

በሉ፣ ተረቴም አለቀ፣ እኔም አፌን ዘጋሁ።