በብሎኗ ላይ የነበረው ቀይ ቀለም

አንድ ፈለቀ የሚባል የድሮ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ከግድግዳው ማዶ አስካለ የምትባል የሙያ ባልደረባው ትሠራለች። ሁለቱም ሙያውን የተማሩት ከአንድ መምህር ነው። ደንበኛ ግን የእሱን በር አልፎ የእሷን ያንኳኳል። ያን ድምፅ በሰማ ቁጥር ፈለቀ የበላው አይስማማውም ነበር።

አስካለ ከቁራሌው ገዝታ ነፍስ የዘራችበት አንድ አሮጌ መለኪያ ነበራት። በጥንት ሬዲዮዎች ውስጥ እንደ አምፖል የሚግሉትን የመስታወት ቫልቮች ይመረምራል። ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ መርፌው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ከደከመ ግራ ላይ ይተኛል። ልኩ የሚስተካከለው ከጀርባው ባለች ትንሽ ብሎን ነው። አስካለ ብሎኗ እንዳትነቃነቅ በቀይ የጥፍር ቀለም አትማታለች።

የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ አሮጌ ዕቃዎቹን የሚያድስለት ሰው ፈለገ። ኃላፊው በማግስቱ መጥቶ ከሁለቱ አንዱን ሊመርጥ ነው ተባለ። አስካለ ለምሳ ስትወጣ ፈለቀ ወደ ሱቋ ገባ። በካቻቢቴው ቀለሙን ፋቀና ብሎኗን ትንሽ አዞራት።

“መርፌዋ ነገ ሲያዋርዳት እናያለን” አለ በልቡ።

በማግስቱ ኃላፊው መጣና ሁለቱንም ከነሥራቸው በአስካለ ሱቅ ሰበሰባቸው። መጀመሪያ ያነሳው ፈለቀ ያደሰውን የሞገድ ማሳያ፣ የድምፅን ሞገድ በመስታወት ላይ የሚስለውን ባለ ቫልቭ መሣሪያ ነበር።

“እስቲ የዚህን ቫልቮች በወይዘሮ አስካለ መለኪያ እንያቸው።”

አንዱ ተሰካ። መርፌው ተኛ። ሌላው ተሰካ። ተኛ።

“አቶ ፈለቀ፣ ያደሱት ሬሳ ነው እንዴ?”

“ሲበራ ይመልከቱት እንጂ ጌታዬ!”

“መብራትማ የደከመ ቫልቭም ይበራል።”

ፈለቀን ላብ አጠመቀው። መለኪያው ተዛብቷል እንዳይል፣ በምን አወቅህ ቢሉትስ?

አስካለ መለኪያውን ገለበጠች። ቀዩ ቀለም ተፍቋል። ቀና ስትል ከፈለቀ የደረት ኪስ ብቅ ያለውን ካቻቢቴ አየች። ጫፉ ቀልቷል።

“ጥፋቱ የመለኪያዬ ነው” አለች። “ቫልቮቹ ጤነኞች ናቸው። ባለፈው ሳምንት የመረመርኩለት እኔው ነኝ።”

“እንግዲያው የተዛባ መለኪያ ይዞ የሚሠራ ሰው አይሆነንም” አለ ኃላፊው። ሥራው ለፈለቀ ሆነ።

ኃላፊው እንደወጣ ፈለቀ “አስኩ...” ብሎ ጀመረ።

“ብሎኗን ምን ያህል አዞርካት?”

“ትንሽ። በጣም ትንሽ።”

“አንተን ግን ሙሉ ዙር አዙራሃለች። በል ሂድ፣ ሥራህ ይጠብቅሃል።”

ፈለቀ ዛሬም በጣቢያው ይሠራል። አንድ መለኪያ ከመክፈቱ በፊት ገልብጦ ብሎኑን ያያል። ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ደግሞ ያያል። ከኋላው የሚያልፍ ሰው ሁሉ ካቻቢቴ የያዘ ይመስለዋል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም አይደል?

ቅናት የሰውን መለኪያ ሊያዛባ ይነሳል፤ አስቀድሞ የሚያዛባው ግን የራስን ነው። የተዛባ መለኪያ ደግሞ የገዛ ልፋታችንንም ሬሳ ነው ይለናል፤ የተመኘነው እጃችን ሲገባም ሰላም አይሰጠንም።

ወዳጄ፣ የጎረቤትህ በር ሲንኳኳ ስትሰማ እጅህ ኪስህ ውስጥ ምን ይፈልጋል?