እንዶዱ ማዶ፣ ውኃው ወዲህ

ለዚህች ታሪክ ጥቂት ደቂቃ ስጧት፤ አትቆጩበትም። ስትጀምር ስለ ንጉሥና ስለ ጦር ትመስላለች። ስትጨርሷት ግን እጃችሁን ገልብጣችሁ ታያላችሁ።

አንድ ንጉሥ ነበር። አገሩ ተራራ ላይ ነው፤ መግቢያውም አንድ ጠባብ የድንጋይ በር ብቻ። በሩን የያዘ አገሩን ያዘ ማለት ነው። ከሸለቆው ማዶ ደግሞ ንግሥት ዘነቡ የምትገዛው አገር አለ። ሁለቱ ከአያቶቻቸው ጀምሮ ባላንጣ ናቸው።

የንጉሡ የጦር አበጋዝ ቢተው ይባላል፤ ለአገሩ የሚሞት ሰው ነው። ጠላት ተደብቆ እንዳይመጣ ብሎ በተራራው ዙሪያ የነበረውን የእንዶድ ቁጥቋጦ ሁሉ ከሥሩ አስነቀለ። ቀጥሎ ወደ ማዶ የሚወርደውን ምንጭ ገደበና ለጉሮሮ ማርጠቢያ ያህል ብቻ ለቀቀላቸው። «ትንሽ ይጠሙና ልብ ይግዙ!» አለ። ንጉሡም ተደስቶ ካባ ሸለመው። እስቲ እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

አንድ በጋ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰ በሽታ እዚያም ደረሰ። ነጋዴ አመጣው አሉ፣ መንገደኛ አመጣው አሉ፤ ብቻ በሩን ሲያልፍ ያየው የለም። ጦር አልያዘማ! ቢተው በሩን ዘጋ፣ ጥበቃውን እጥፍ አደረገ። በሽታው ግን ቀድሞ ገብቶ ኖሮ ከጠባቂ ወደ ጠባቂ ተዛመተ። ብዙም ሳይቆይ ግንቡ ላይ የቀሩት ወታደሮች ጦራቸውን ይዘው ሳይሆን ተደግፈው ነበር የቆሙት።

የቤተ መንግሥቱ ሐኪም ወደ ንጉሡ ቀረበች።

«ጃንሆይ፣ ይህ በሽታ የሚሄደው በእጅ ነው። ሕዝቡ እጁን በእንዶድ ከታጠበ ይቆማል።»

«ታዲያ ይታጠባ!»

«በየትኛው እንዶድ? አበጋዛችን የተረፈች ቁጥቋጦ ካለች ይንገሩን።»

ቢተው ጢሙን እያሻሸ የተራቆተውን ተራራ በመስኮት አየ።

ወሬውን የሰማ አንድ ኃያል የሩቅ ንጉሥ ወዲያው መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው እጅ ነሥቶ ፈገግ አለ። «ጌታዬ በሕመማችሁ እጅግ አዝነዋል። እንዶድ የጫኑ ግመሎቻቸው ከተራራው ሥር ቆመዋል። ዋጋው ቀላል ነው፤ የበሩ ቁልፍ ብቻ። እስከ ቅዳሜ ያስቡበት።»

መልእክተኛው ሲወጣ ንጉሡ በረጅሙ ተነፈሰ። «ሕዝቤ ካለቀ በሩ ምን ያደርግልኛል? ቁልፉን አምጡት!»

«ጃንሆይ፣ ይታገሡ» አለ ቢተው። «ማዶ እኮ ሸንተረሩ ሁሉ እንዶድ ነው።»

«የዘነቡ? ውኃ የከለከልካት አንተ! በምን ፊትህ ትለምናታለህ?»

«በዚሁ ፊቴ ነዋ። ሌላ ከየት ላምጣ?»

ሰይፉን ፈትቶ ሸለቆውን ተሻገረ። ንግሥቲቱ ገና ከሩቅ ስታየው አወቀችው።

«አንተ የምንጭ ዘበኛ! የቀረን ጠል ብቻ ነው፤ እሱንም ልትገድብ መጣህ?»

«ልለምን ነው የመጣሁት፣ እመቤቴ። እንዶድ ይስጡን። ልጆቼ ግንቡ ላይ እያለቁ ነው።»

ንግሥቲቱ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። «የእኛስ ደኅና ናቸው ያለህ ማነው? እንዶዱማ ጎተራ ሙሉ አለ። በምን እንታጠብበት? በምራቃችን? ያ ፈገግተኛ መልእክተኛ እዚህም መጥቶ ነበር። ለእኛ ውኃ በአቁማዳ ሊያመጣልን ነው፤ ዋጋው የአገራችን መግቢያ ድልድይ።»

ቢተው ክው አለ። «በሩን ከእኛ፣ ድልድዩን ከእናንተ! ሰይፍ ሳይመዝ ሁለታችንንም ሊውጠን?»

«አፉን የከፈትክለት አንተ ነህ» አለችው። «አሁን ሄደህ ዝጋው።»

የዚያኑ ዕለት ግድቡን የሠሩት ወታደሮች አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነው ያንኑ ግድብ አፈረሱት። ውኃው እያጓራ ሲወርድ ማዶው በእልልታ ቀለጠ። ወዲያው እንዶድ የጫኑ በቅሎዎች ዳገቱን ተያያዙት። በሩ ላይ ጋን ተደረደረ፤ ጠባቂዎቹም «ማነህ?» ከማለታቸው በፊት «ታጠብ!» ማለት ለመዱ። ንጉሡ ራሱ እስከ ክርኑ አረፋ በአረፋ ሆነ።

ቅዳሜ መልእክተኛው ፈገግ እያለ መጣ። ቢተው ማስታጠቢያ ይዞ ተቀበለው።

«እንግዳችን፣ መጀመሪያ እጅዎን።»

«ቁልፉስ?» አለ ሰውየው እጁ ላይ ውኃ እየወረደ።

«ወገቤ ላይ ነው፤ ተመችቶታል። እንዶዱን ይመልሱትና ጌታዎን ያስታጥቡበት።»

ግንቡ በሳቅ ፈነዳ። ያ ሳቅ ሸለቆውን ተሻግሮ ማዶ ደረሰ፤ ከማዶም ሳቅ መለሱለት!

በሽታው ከሁለቱም አገር ከጠፋ በኋላ ንጉሡ ለቢተው ሌላ ካባ አዘጋጀ። ቢተው ግን «ካባው ይቆየኝ፣ ጃንሆይ። ንግሥቲቱ ችግኝ ልከውልኛል» ብሎ ዶማውን አነሣ። በነቀለበት ቦታ ሁሉ እንዶድ ተከለ።

አያችሁ ነገሩን? ድንበር ጠባቂ አያስፈልግም አላልኩም፤ በሩን የሚጠብቅ ሰው ባይኖር ቁልፉ ወገብ ላይ አይቀርም ነበር። ወረርሽኝ የመጣ ዕለት ግን ሳሙናው፣ ውኃውና የሐኪሟ ቃልም ግንብ ናቸው። ጎረቤቱን ያዳከመ አገር የራሱን ግማሽ መድኃኒት ያዳክማል፤ ሲጨንቀው ደግሞ ፈገግ ብሎ ለመጣ ሁሉ በሩን ይሸጣል። እናንተስ «ለጥንቃቄ» ብላችሁ የነቀላችሁት ምንድን ነው? የገደባችሁትስ የማንን ውኃ ነው?

መልሱን እዚህ አትጻፉልኝ። ዛሬውኑ የተኳረፋችሁትን ጎረቤት በር አንኳኩና «ምን ጎደላችሁ?» በሉ። የጎደላችሁንም ሳታፍሩ ንገሩ። ሂዱ፣ ሞክሩት!