የእትዬ የውብዳርን ግድግዳ ማን አረጠበው?

ተረት አለኝ። ልትሰሙኝ ከሆነ ጠጋ በሉ፤ ብቻ ማንም ግድግዳውን እንዳይደገፍ። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃውም እንስሳውም ከሰው ጋር በሚነጋገርበት ዘመን፣ ወይዘሮ የውብዳር የሚባሉ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ድሮ ስላችሁ ግን ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ ነው። ቤታቸው የጭቃ ቤት ሆኖ ጣራው ቆርቆሮ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ ደግሞ የዝናቡን ውሃ ተቀብሎ ወደ በርሜል የሚወስድ አሸንዳ ነበረው። የውስጡን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ለጥፈውበታል። ወይዘሮ የውብዳር ማንበብ አይችሉም፤ ጋዜጣ ግን በጣም ይወዳሉ። ቤት ያሞቃል፣ ቤት ያደምቃል ይላሉ። በዓል በመጣ ቁጥር ዱቄት በጥብጠው፣ ሙጫ አፍልተው፣ በአሮጌው ጋዜጣ ላይ አዲሱን ይደርባሉ።

በቤቱ አንድ ማዕዘን ላይ ሦስት ነዋሪዎች ነበሩ። ዶሮዋ ከላይ ቆጥ ላይ ታድራለች። ድመቷ ከመደቡ ሥር ትተኛለች። እንስራዋ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ውሃ ትይዛለች። ወይዘሮ የውብዳር ሲዳሩ እናታቸው የሰጧቸው እንስራ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በወይራ ጭስ ሲያጥኗት ኖረዋል። እሳቸውም የሚተኙት እዚያው መደቡ ላይ ነው፤ ራሳቸውን ወደ ማዕዘኑ አድርገው።

ማንም የማያውቃት አራተኛ ነዋሪም ነበረች። ከጋዜጣው ኋላ የምትኖር አይጥ ናት። የዱቄቱን ሙጫ እየበላች ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሷል።

ክረምት ገባ። ሐምሌ ዘነበ፣ ነሐሴም ዘነበ። ለቡሄ ሦስት ቀን ሲቀረው ማዕዘኑ ላይ መዳፍ የምታክል እርጥብ ቦታ ታየች። ወይዘሮ የውብዳር ዳበሷት። ትቀዘቅዛለች።

«ይህን ማን አደረገው?» አሉ።

ዶሮ ድመትን አየች። ድመት እንስራን አየች። እንስራ ዝም አለች።

ከእርጥቡ ቦታ ከፍ ብሎ፣ ጋዜጣው ላይ፣ ከረባት ያሰረና መነጽር ያደረገ የአንድ ሰውዬ ፎቶ ነበር። ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። የአይጧ ጉድጓድ ግን ልክ ከአፉ በስተኋላ ነበር።

«ዶሮዋ ናት» አለ ከሰውዬው አፍ የወጣ ድምፅ። «የምትጠጣበትን ጣሳ እየደፋች ነው።»

ወይዘሮ የውብዳር መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ኮራ አሉ። እንዲህ ያለ የተማረ ሰው እቤታቸው ሲመሰክር ሰምተው አያውቁም። «ጋዜጣ ላይ የወጣ ሰው ይዋሻል እንዴ?» አሉ።

«እመቤቴ፣ ጣሳዬ እኮ በሩ ጋ ነው ያለው» አለች ዶሮዋ። «ውሃው ቤቱን አቋርጦ እዚህ ድረስ ምን አመጣው?»

ማን ይስማት። ዶሮዋ ወደ ማድ ቤት ተባረረች። ወይዘሮ የውብዳርም ሙጫ አፍልተው በእርጥቡ ላይ አዲስ ጋዜጣ ለጠፉ። መነጽራሙን ሰውዬ ግን ስለሚያከብሩት አልሸፈኑትም። የቡሄ እንግዶች መጥተው «ቤቱ እንዴት አምሮበታል» አሉ። አይጧም ትኩስ ሙጫ እየበላች አብራ አከበረች፤ የጥርሷን ድምፅ ከቆጡ ላይ ሆና የምትሰማ ዶሮም የለችባት።

ዝናቡ ቀጠለ። ለእንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው እርጥቡ ሰፌድ አክሎ ተመለሰ።

«ዶሮዋ ከወጣች ሰነበተች። ታዲያ ማን ነው?» አሉ ወይዘሮ የውብዳር።

ድመት እንስራን አየች። እንስራ ዝም አለች።

«ድመቷ ናት» አለ ድምፁ። «እርስዎ ገበያ ሲወጡ ማዕዘኑ ላይ ትሸናለች። ካላመኑኝ ያሽትቱት።»

ወይዘሮ የውብዳር ጎንበስ ብለው አሸተቱ። እውነትም ይሸታል። የበሰበሰ ነገር ሽታ ነው። የድመት ሽታ ነው ወይስ የሌላ ነገር ብለው ግን አልመረመሩም።

«እኔ እኮ ከሸናሁ በኋላ አፈር አለብስበታለሁ» አለች ድመቷ ተቆጥታ። «በዚህ ቤት ያጠፋሁትን የምሸፍን እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?»

ይህም አላተረፋትም፤ ድመቷም ወደ ውጭ ተባረረች። በእርጥቡ ላይ ሌላ ጋዜጣ ተደረበ። አይጧ አሁን ድመት በሌለበት ቤት በቀን ወጥታ መደቡ ላይ ትንሸራሸር ጀመር።

ዶሮዋስ ትሉኝ ይሆናል። ዶሮዋማ አንዴ ተጠርጥራለችና ለእንቁጣጣሽ ሌላ ዶሮ ፍለጋ ገበያ አልተወጣም። ይህን ስናገር ዛሬም ይከፋኛል።

ለመስቀል አንድ ቀን ሲቀረው እርጥቡ ጋቢ አክሎ ተመለሰ። ጋዜጣው አብጦ ከግድግዳው ተላቋል፤ ከሥሩም ጥቁር ሻጋታ ይታያል። ወይዘሮ የውብዳር ራሳቸውን ያዙ። «ዶሮ የለችም፣ ድመት የለችም። አሁንስ ማን ቀረ?»

እሳቸው እንስራን አዩ። እንስራ እሳቸውን አየች።

«ምን ይጠይቃሉ?» አለ ድምፁ። «ሰውነቷ ሁሉ ላብ አይደለም እንዴ? ሠላሳ ዓመት ስታዣ የኖረች እንስራ ግድግዳ ብታረጥብ ምን ይገርማል?»

አይጧ ይህን ያለችው ያለ ምክንያት አልነበረም። እንስራዋ ከግድግዳው ሥር ስለሆነች ጋዜጣ ሲቀደድም፣ ሙጫ ሲላስም ትሰማ ነበር። አንድ ቀን ትናገር ይሆናል ብላ ፈርታታለች።

ወይዘሮ የውብዳር እንስራዋን ነኳት። እጃቸው ረጠበ። «አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉ። «እናቴ የሰጠችኝ አንቺ?» ከዚያ በንዴት ጆሮዋን ይዘው ወደ በሩ ጎተቷት። ደፉ ላይ ስትደርስ ቀጭ አለ። አንደኛው ጆሮዋ ተሰብሮ እጃቸው ላይ ቀረ።

እንስራዋ አላለቀሰችም። «እመቤቴ፣ መጣሉን ይጣሉኝ» አለች። «ብቻ ከመጣልዎ በፊት ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። የኔ ውሃ ምን ምን ይላል?»

«ወይራ ወይራ ነዋ» አሉ ወይዘሮ የውብዳር። «ማን ያጠነሽ መሰለሽ?»

«የግድግዳውስ ውሃ?»

ተመልሰው ጎንበስ አሉና አሸተቱ። በዚህኛው ጊዜ ቆይተው አሸተቱ። «ይሄ... የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው።»

«እዚህ ቤት ውስጥ ባሕር ዛፍ ያለው ማን ነው?»

ወይዘሮ የውብዳር ዙሪያቸውን አዩ። ማንም የለም። ባሕር ዛፉ ያለው ውጭ ነው፣ ከጣራው በላይ። 

«አይስሟት!» አለ ድምፁ እየተጣደፈ። «ይልቅ በዓሉ ደርሷል፣ ቶሎ ይለጥፉበት። ዱቄቱን የት አደረጉት?»

ወይዘሮ የውብዳር ቀና ብለው መነጽራሙን ሰውዬ አዩት። ይህን ሁሉ ጊዜ ሲሰሙት ቆይተው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጠሩት። «እኚህ ሰውዬ ስለ ዱቄት ምን አገባቸው?» አሉ ለራሳቸው።

ነጠላቸውን ጣል አድርገው ጋሽ ዘለቀ ዘንድ ሄዱ። ጋሽ ዘለቀ ጭቃ አቡክቶ ግድግዳ የሚለስን፣ ያዘመመ ቤት የሚያቀና ባለሙያ ነው። መጣና ግድግዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገው። ከበሩ ጀምሮ እያዳመጠ ሄደ፤ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ድምፁ ታፈነ።

«ይገለጥ» አለ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ነገ እኮ መስቀል ነው፣ እንግዳ አለብኝ» አሉ ወይዘሮ የውብዳር። «ለዛሬ ሸፈን እናድርገውና ከበዓል በኋላ...»

«እትዬ የውብዳር፣ እንዲህ ማለት ከጀመሩ ስንት በዓል ሆነዎት?»

ወይዘሮ የውብዳር በጣታቸው መቁጠር ጀምረው ተዉት።

«እኔ እርጥብ ላይ አልለስንም» አለ ጋሽ ዘለቀ። «መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አያለሁ። ቀጥሎ የበሰበሰውን አወጣለሁ። ከዚያ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ልስን የመጨረሻው ሥራ ነው። ይህ ካልተስማማዎት ሌላ ሰው ይጥሩ።»

ወይዘሮ የውብዳር እጃቸውን ተመለከቱ። የእንስራዋን ጆሮ ገና አልጣሉትም ነበር።

«ይግለጡት» አሉ።

ጋሽ ዘለቀ ገለጠው። ዘጠኝ ድርብ ጋዜጣ ወረደ። መነጽራሙ ሰውዬም አብሮ ወረደ፤ ከአፉ በስተኋላ ክብ ጉድጓድ ታየ፤ ከጉድጓዱ ውስጥ በሙጫ የወፈረች አይጥ ተቀምጣለች።

«እመቤቴ፣ እኔ አንድ ጠብታ ውሃ አላፈሰስኩም» አለች አይጧ።

እውነቷን ነበር። በዚያ ክረምት ከአፏ የወጣ እውነት ይህ ብቻ ነው። ከዚያ ዘላ ወደ በሩ ሮጠች። በሩ ላይ ግን ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ብርድ ላይ የከረመች ድመት ነበረች። የሆነውን አልነግራችሁም።

ጋሽ ዘለቀ የማዕዘኑን ቋሚ እንጨት በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱ ገባ። ቀና ብሎ ጣራውን አየ፤ ዝቅ ብሎ መደቡን አየ። «ራስዎን በየት በኩል አድርገው ነው የሚተኙት?» አለ።

ወይዘሮ የውብዳር በእጃቸው አሳዩት።

«አንድ ዶፍ ቢደገም ጣራው እዚህ ላይ ነበር የሚያርፈው።»

ወይዘሮ የውብዳር ሄደው እንስራዋ አጠገብ ደፉ ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ ዘለቀ መሰላል አቁሞ ወጣ። አሸንዳው የባሕር ዛፍ ቅጠልና የወፍ ጎጆ ጎርሶ እስከ አፉ ሞልቷል። «አንተ ነህ?» አለው።

«እኔ ነኝ» አለ አሸንዳው። «ሦስት ክረምት ታንቄአለሁ። ውሃውን ወደ በርሜል መላክ ሲያቅተኝ ወደ ግድግዳው ተፋሁት። ስጮህ ከረምኩ፤ ግን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማን ይሰማኛል? ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ቀና ብሎ የሚያየኝ የለም።»

ጋሽ ዘለቀ አሸንዳውን ጠረገው። ከቤቱ ጀርባ ቦይ ቆፈረ። ጣራውን በድጋፍ አቁሞ የበሰበሰውን ቋሚ አወጣና የጥድ ቋሚ ተከለ። የረጠበውን ጭቃ ፈቅፍቆ ጣለ። ከዚያም ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ፤ ግድግዳው ራቁቱን ቀረ።

በማግስቱ የመስቀል እንግዶች መጡ። ማገሩ አፍጥጦ ይታያል፤ በስንጥቁም ነፋስ ይገባል። አንዷ ጎረቤት «ምነው የውብዳር፣ ቤትሽን ምን ነካው?» አለች።

ወይዘሮ የውብዳር አፈሩ፤ ፊታቸው ጋለ። ግን አልዋሹም። «ታሞ ነበር» አሉ፤ «አሁን እየዳነ ነው።»

የጥቅምት ፀሐይና ነፋስ ግድግዳውን አደረቀው። ጋሽ ዘለቀ ተመልሶ ኳ ኳ አደረገና ድምፁ ሲጠራለት ለሰነው። ወይዘሮ የውብዳር ድመቷን ወደ መደቡ ሥር መለሷት። ሌላውን ግድግዳ እንደ ልማዳቸው ጋዜጣ ለጠፉበት፤ ያን ማዕዘን ግን እስከ ዛሬ ድረስ አልሸፈኑትም። ዶሮዋን መመለስ አልተቻለም።

እንስራዋም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ወይዘሮ የውብዳር በአንድ እጃቸው የሙጫ ጣሳ፣ በሌላ እጃቸው የተሰበረውን ጆሮ ይዘው መጡ። «በድዬሻለሁ» አሏት። «ልለጥፍልሽና እንዳይታይ ላድርገው።»

«ይተዉት፣ እመቤቴ» አለች እንስራዋ። «ሲያዩኝ ያስታውሱ።»

እና እናንተም ቤታችሁ ሲረጥብ ፊታችሁ ያገኛችሁትን አትጠርጥሩ፤ እርጥቡንም አትሸፍኑት። ግለጡት፣ ምንጩን ፈልጉ፣ የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ከተሸፈነ ነገር ኋላ ሆኖ «እከሌ ናት» የሚላችሁ ቢመጣ ደግሞ መጀመሪያ ምን እየበላ እንደሚኖር ጠይቁት።

ተረቴን እዚህ አሳረፍኩት። አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ለኋላ አቆዩልኝ፤ አሁን ሂዱና ራሳችሁን የምታስጠጉበትን ግድግዳ ዳብሱ።