የሃምሳ ቁጥር ጠብ

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት ቆላማ ከተማ ሆስፒታል፣ ሦስት ሠራተኞች በአንድ ቁጥር የተነሳ ጉድ ሠሩ።

የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሮች በአንድ ኔትወርክ የተያያዙ ናቸው። እያንዳንዱ አይፒ አድራሻ የሚባል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ ይጋጫሉ፣ መልእክት ይጠፋል።

የላቦራቶሪዋ ዘርፌ ከሦስት ዓመት በፊት ለኮምፒውተሯ ሃምሳ ቁጥርን በገዛ እጇ ሰጠችው። ቁጥሩ በራሱ በተለዋወጠ ጊዜ ሁሉ የደም ውጤት ማዋለጃ ክፍል አልደርስ እያለ አስመርሯት ነበር። ግን አላስመዘገበችም።

ለፋርማሲው ምንተስኖት አዲስ ፕሪንተር መጣለት። በሽተኛው ተሰልፎ ይጮኻል። ኔትወርክ ክፍሉ በር ላይ የተለጠፈውን የተመዘገቡ ቁጥሮች ዝርዝር አየ፤ ሃምሳ ክፍት ነው። እንደ ደንቡ ስሙን ጽፎ ወሰደው።

የኔትወርክ ኃላፊው ኢዮስያስ በማግስቱ ጠዋት ሁለት መሣሪያዎች በሃምሳ ሲጋጩ አየ። የተመዘገበው ፕሪንተሩ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሌባ ሳይመዘገብ ኔትወርኩ ውስጥ ገብቶ የበሽተኞችን ፋይል ሰርቆ ነበርና፣ ሁለተኛውን ሳይጠይቅ ከመስመሩ አቋረጠው።

በዚያው ሰዓት የሺወርቅ የምትባል ወላድ ደም እየፈሰሳት ነበር። ዘርፌ የደም ዓይነቷን መርምራ ላከች፤ አልደረሰም። አዋላጆቹ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ጠበቁ። ተደዋውለው ነገሩ እስኪገባቸው አርባ ደቂቃ አለፈ። ልጁ በሰላም ተወለደ፣ እናቲቱም ተረፈች፤ ደም ዘግይቶ ስለደረሰላት ግን ማህፀኗ ወጣ።

ደርሰህ የሚባለው ባሏ የሆስፒታሉን ዳይሬክተር ቢሮ በር በርግዶ ሲገባ ሦስቱ ሠራተኞች እየተናነቁ ነበር።

«ሦስት ዓመት የያዝኩትን ቁጥር ነጠቅከኝ!» አለች ዘርፌ።

«ያልጻፍሽውን በሕልሜ ልየው?» አለ ምንተስኖት።

ሁለቱም ኢዮስያስ ላይ ዞሩ። «ከመቁረጥህ በፊት ዞር ዞር ብለህ መጠየቅ አቃተህ?»

«ሌባ ቢሆንስ ኖሮ? ያኔ ምን ትሉኝ ነበር?»

ደርሰህ ጠረጴዛውን በጡጫ ነረተው። «ስለ ቁጥር አታውሩብኝ! ሚስቴ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው! ይህን ያደረገው ማን ነው? አንድ ስም ስጡኝ!»

ዳይሬክተሯ የስንብት ደብዳቤ አወጣች። አንዱ ይባረራል። የስሙ ቦታ ባዶ ነው።

እናንተ በእሷ ወንበር ብትቀመጡ የማንን ስም ትጽፉ ነበር፦ ሳታስመዘግብ የያዘችውን፣ ሳያጣራ የወሰደውን ወይስ ሳይጠይቅ የቆረጠውን?