አስታውስ ከደጃፍ አልነሳ ያለ ዕለት

ተረቴ ይኸው መጣ። ጆሮ ያለው ይቀመጥ፣ እንቅልፍ የያዘውም ይተኛ፤ ለሁለቱም ይሆናል።

ከሐይቅ በላይ ባለች ትንሽ ከተማ አያልነህ የሚባል ሰው ነበር። ከሚስቱ ከስንዱ፣ ከአንዲት ድመትና ከአንድ ሽማግሌ ውሻ ጋር ይኖራል። ድሮ መምህር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረ፣ ካርታ ሳይገልጥ የወንዞችን መንገድ በጣቱ አየር ላይ የሚስል። አሁን ግን ከዓለም የሚፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ፀሐይ ስታቆለቁል ከውሻው ጋር ወደ ሐይቁ መውረድ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ መቀመጥ፣ ጫማውን ማውለቅ፣ ውሻው አገጩን ባዶ እግሩ ላይ ሲጥልለት ፀሐይዋ ውኃ ውስጥ ስትገባ ማየት። ይኸው ነው። ሹመት አልጠየቀም፣ ካሳም አልጠየቀም።

የውሻው ስም አስታውስ ነው። በዚያ አገር የተቀየመ ሰው ጠላቱን ፊት ለፊት አይናገረውም፤ ለውሻው ስም ያወጣለትና ማታ ማታ በአጥር ላይ ይጣራል። ከአማቷ ጋር የተኳረፈች “ይብላኝልሽ” ብላ ትጠራለች፤ ድንበር የተገፋ “እግዜር አለ” ብሎ ይጠራል። ውሾቹ ጅራታቸውን እየቆሉ ወደ ጌቶቻቸው ይመጣሉ፣ ነገሩ ግን አጥር ተሻግሮ ይሄዳል። አያልነህም ውሻውን አስታውስ ያለው ለጎረቤቱ ለይርዳው ነው።

ይርዳውና አያልነህ በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ሁለቱን ግቢ የሚያገናኝ የቆርቆሮ በር ነበራቸው፤ በዚያ በር ወጥተው፣ በይርዳው ጓሮ በምታልፈው አቋራጭ ሐይቁ ድረስ ይወርዱ ነበር። አንድ ምሽት የፈተና ወረቀት ከትምህርት ቤቱ ተሰርቆ ወጣ። ያወጣው አያልነህ ነው ተባለ። አያልነህ በዚያ ምሽት ከይርዳው ጋር ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ነበር። ይርዳው በስብሰባ ፊት ሲጠየቅ ጫማውን አየ፤ ጫማውን ሲያይ ቆየና “አላስታውስም” አለ። በዚህች ቃል አያልነህ ከመምህርነት ወንበሩ ተነስ ተብሎ ተነሳ። ወረቀቱን ያወጣው ሰውዬ ዛሬ አለቃ ነው፤ በበዓል ቀን ንግግር ያደርጋል፣ የሚናገረውም ስለ እውነት ነው።

ከዚያ ወዲያ አያልነህ የይርዳውን ፊት ላለማየት አጥሩ ላይ ሌላ ቆርቆሮ ደረበበት። አንድ ቡችላም አምጥቶ አሳደገ። የቡችላው ስም በአጥሩ ላይ በተጠራ በመጀመሪያው ማታ፣ ይርዳው በሩን በራሱ በኩል ቀረቀረ። ሐይቁ ግን አልተቀረቀረም፤ አያልነህና ውሻው በዋናው መንገድ እየዞሩ ይወርዱ ጀመር። መንገዱ ሩቅ ነው። ውሻው ያኔ ወጣት ነበር።

አሁን አርጅቷል።

ቀኑ እንደ ማር የሚጎተት ቀን ነበር። አያልነህ ከዘራውን ይዞ ብቅ ሲል አስታውስ ደጃፍ ላይ ተጋድሟል። ና እንውረድ አለው። ውሻው አንድ ዓይኑን ገለጠ። ድሮ ይህን ሲሰማ በሩን ሊገነጥል ይደርስ ነበር። አሁን ግን በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖ፣ ድመቷ ሆዴ ላይ ተኝታለች፣ እሷ ሳትነሳ እኔ አልነሳም አለ። ውሻ እንዴት ይናገራል የሚል ካለ፣ በእንዲህ ያለ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አያውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ድመቷን በአንገቷ ይዞ ያነሳት ነበር። አያልነህ አላደረገውም። ከተቀመጠበት ተነስ ተብሎ የተነሳ ሰው ስለሆነ፣ የተኛ ፍጡር ከቦታው ላያስነሳ ለራሱ ቃል ገብቷል። ከዘራውም ለመደገፊያ እንጂ ለመምቻ አልተገዛም። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ድመቷን በትሕትና ጠየቃት። ድመቷም ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ፀሐይዋ ጀርባዬ ላይ ናት፣ እሷ ሳትወርድ እኔ አልነሳም አለች። ድመቷ ከውሻው አትነሳ፣ ውሻው ከደጃፍ አይነሳ፣ አያልነህም ሐይቅ አይወርድ።

ፀሐይዋ የእጅ መሐረብ የምታህል ናት፤ በግቢው ሙዝ ቅጠል ጎን ሾልካ ድመቷ ጀርባ ላይ ተነጥፋለች። አያልነህ እሷንም ጠየቃት። እኔ ካልተጋረድኩ ከሞቀ ጀርባ አልወርድም፣ ያው ሲመሽ መሄዴ አይቀርም አለችው። ሲመሽማ ሐይቁ ላይ ምን ይቀራል አላት። የሙዙ ቅጠል ይጋርደኝ፣ የእሱ ሥራ ነው አለች ፀሐይዋ። ቅጠሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ካልገፉኝ ዘንበል አልልም፣ ነፋስ ይግፋኝ አለ። እንግዲህ ቅጠሉ ፀሐይዋን አይጋርድ፣ ፀሐይዋ ከድመቷ አትወርድ፣ ድመቷ ከውሻው አትነሳ፣ ውሻው ከደጃፍ አይነሳ፣ አያልነህም ሐይቅ አይወርድ።

ነፋሱን ፍለጋ ሄደ። የሐይቅ ነፋስ በዚህ ሰዓት ሽቅብ ይመጣል፤ ድሮ በዚህ ግቢ አልፎ መጋረጃውን ሲያወዛውዝ፣ የስንዱን ክር ሲያንከባልል ያመሽ ነበር። አሁን የት ገባ? አያልነህ ጆሮውን አጥሩ ላይ ለጠፈ። ነፋሱ ከቆርቆሮው ወዲያ ተኝቶ ይተነፍሳል። ነቃ ብሎም፣ እኔ ምን ላድርግ፣ በአጥሩ እንዳልዘል ቆርቆሮ የደረበው ማነው፣ በበሩ እንዳልገባ በሩ ዝግ ነው አለው። አያልነህ ምስማሮቹን አያቸው። በእጁ የመታቸው ናቸው፤ አንዱ ጠምሞ ገብቷል፣ በንዴት የተመታ ምስማር እንደዚያ ነው። በሩ ነፋሱን አያሳልፍ፣ ነፋሱ ቅጠሉን አይገፋ፣ ቅጠሉ ፀሐይዋን አይጋርድ፣ ፀሐይዋ ከድመቷ አትወርድ፣ ድመቷ ከውሻው አትነሳ፣ ውሻው ከደጃፍ አይነሳ፣ አያልነህም ሐይቅ አይወርድ።

ስንዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች። ባሏ ከሙዝ ጋር ሲነጋገር፣ ከነፋስ ጋር ሲከራከር ስትሰማ ቆየች። በመጨረሻ መርፌዋን አቆመች።

“የጂኦግራፊ መምህር፣” አለችው፣ “በር ጠፋህ?”

አያልነህ ጠማማውን ምስማር በጣቱ ነካው።

“ውሻው ሰነፍ ሆኖ አይደለም እኮ። ዞሮ መሄድ አቅቶታል፣ እግሩን አታየውም? ትናንት ገበያው ጋ ሲደርስ ቁጭ አለ። በአቋራጭ ቢሆን ይችላል።”

ይህን ብላ ወደ ክሯ ተመለሰች። አያልነህ ግን ቆሞ ቀረ። ዞሮ አየ፤ አስታውስ በእንቅልፉ ውስጥ አራት እግሮቹን ቀስ ቀስ እያደረገ ያንቀሳቅሳል። ውኃ ውስጥ ነው፤ ይዋኛል። በሕልሙ ሐይቁ ደርሷል። አያልነህ ያን ጊዜ ገባው። ዛሬ በዚህ በር ካልወጡ፣ ውሻው ከእንግዲህ ሐይቁን የሚያየው በሕልሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ በሩን ጠየቀ። በሩም ዝገቱን እያራገፈ፣ እኔማ መከፈት ናፍቆኛል፣ መቀርቀሪያው ይልቀቀኝ አለ። መቀርቀሪያውን በቀዳዳ ጠየቀው። መቀርቀሪያውም፣ እኔ ያለሁት በይርዳው በኩል ነው፣ የይርዳው እጅ ሳይስበኝ በማን ልሳብ አለ። መቀርቀሪያው በሩን አይለቅ፣ በሩ ነፋሱን አያሳልፍ፣ ነፋሱ ቅጠሉን አይገፋ፣ ቅጠሉ ፀሐይዋን አይጋርድ፣ ፀሐይዋ ከድመቷ አትወርድ፣ ድመቷ ከውሻው አትነሳ፣ ውሻው ከደጃፍ አይነሳ፣ አያልነህም ሐይቅ አይወርድ።

በከዘራው ጫፍ ቆርቆሮውን ቀስ አድርጎ ነካው። ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ይርዳው ለካ በሩ ሥር ነው የሚቀመጠው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚያናግረው ሰው ስለሌለ፣ ማታ ማታ ውሻው ሲጠራ እዚያ ተቀምጦ ይሰማል።

ይርዳው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አያልነህ እኔ ነኝ አለ።  ነፋሱ ያዳምጣል።

“ከቡችላነቱ ጀምሮ፣” አለ ይርዳው ከቆርቆሮው ጀርባ፣ “በውሻው ስም ነው የምትጠራኝ። ይገባኛል፤ አልተቀየምኩም። ግን እኔም ስም አለኝ፣ አያልነህ። አንዴ በስሜ ጥራኝና እከፍትልሃለሁ።”

አያልነህ ጥርሱን ነከሰ። የተበደለው እሱ፣ ደጅ የሚጠናው እሱ። ስሙ የጠፋው የእሱ፣ ስም ጥራ የሚባለውም እሱ። አገሩ ሁሌ እንዲህ ነው፤ የተረገጠ ሰው የረገጠውን እግር አመመህ ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ይፈልጋል። ሊመለስ ዞረ። ሲዞር ግን ፀሐይዋን አያት፤ ዝቅ ብላለች፤ ከመሐረብ ወደ ሪባን ጠባለች። ውሻው አሁንም ይዋኛል።

አያልነህ ስም አይጠራ፣ ይርዳው መቀርቀሪያውን አይስብ፣ መቀርቀሪያው በሩን አይለቅ፣ በሩ ነፋሱን አያሳልፍ፣ ነፋሱ ቅጠሉን አይገፋ፣ ቅጠሉ ፀሐይዋን አይጋርድ፣ ፀሐይዋ ከድመቷ አትወርድ፣ ድመቷ ከውሻው አትነሳ፣ ውሻው ከደጃፍ አይነሳ፣ አያልነህም ሐይቅ አይወርድ። በመጀመሪያው ጫፍ አያልነህ፣ በመጨረሻውም ጫፍ አያልነህ። እንዲህ የተቀመጠ ነገር የት ይደርሳል?

ተመልሶ ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ። ቆርቆሮው ገና ሞቃት ነበር።

“ይርዳው፣” አለ።

ስሙ ከአፉ የወጣው እንደ ዛገ ምስማር ነው። ሁለተኛው ግን ቀለለው።

“ይርዳው፣ በሩን ክፈትልኝ። ውሻዬ አርጅቷል።”

ይርዳው መቀርቀሪያውን ሳበ፣ መቀርቀሪያው በሩን ለቀቀ፣ በሩ ነፋሱን አሳለፈ፣ ነፋሱ የሐይቅ ሽታውን ይዞ ገብቶ ቅጠሉን ገፋ፣ ቅጠሉ ዘንበል ብሎ ፀሐይዋን ጋረደ፣ ፀሐይዋ ከድመቷ ወረደች፣ ድመቷ ተንጠራርታ፣ አዛግታ፣ ዳንቴሉ ላይ ልትተኛ ወደ ስንዱ ሄደች፣ አስታውስም ተነሳ። መጀመሪያ የፊት እግሮቹ ተነሱ፤ የኋላዎቹ ትንሽ አሰቡበትና ተከተሉ። የተከፈተውን በር አየ፣ ነፋሱን አሸተተ፣ ማንንም ሳይጠብቅ በአቋራጩ መንገድ ጀመረ።

ይርዳው በሩን በእጁ እንደያዘ ቆሟል። ሸብቷል፤ አያልነህ እንዲህ መሸበቱን አያውቅም ነበር። ውሻው ሲያልፍ ቆመና የይርዳውን እጅ አሸተተ። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሰው ላይ ሲጠራ ኖሯል፤ ለእሱ ግን ስሙ እራት ማለት ነው፣ ሐይቅ ማለት ነው። እጁን ላሰው።

ይርዳው ዛሬም ጫማውን አየ። ከዚያ ቀና አለ።

“በዚያ ምሽት ድንጋዩ ላይ ነበርን፣” አለ። “ጫማህን አውልቀህ ነበር። ውኃው ቀዝቃዛ ነው ብለህ እግርህን ቶሎ አወጣህ። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። ፈርቼ ነው።”

“አውቃለሁ፣” አለ አያልነህ።

ይርዳው ለስብሰባው ሰዎችም ሄጄ እናገራለሁ አለ። አያልነህ፣ ሰዎቹ አሁን ስለ እውነት ንግግር ላይ ናቸው፣ ጊዜ አይኖራቸውም አለው። ይህን ሲል አልሳቀም፤ ይርዳውም አልሳቀም። መስኮቱ ሥር ግን ስንዱ ሳቀች።

“ሄጄ እናገራለሁ፣” አለ ይርዳው እንደገና።

አያልነህ በከዘራው ወደ ሐይቁ አመለከተ። “እሺ፣ ነገ ሂድ። አሁን ግን ና፣ ፀሐይዋ አትጠብቅም።”

መንገዷ አጭር ናት። ውሻው አንዴም ሳይቀመጥ ደረሰ። ጠፍጣፋው ድንጋይ እንደነበረ ነው፤ ድንጋይ ስብሰባ አይጠራም፣ ማን እንደተቀመጠበትም አይረሳም። አያልነህ ጫማውን አወለቀ። አስታውስ በሁለቱ መካከል ተጋደመ፤ አገጩን በአያልነህ እግር ላይ፣ ጅራቱን በይርዳው እግር ላይ ጣለ። ፀሐይዋ ቀስ ብላ ውኃው ውስጥ ገባች። ወንበሩ አልተመለሰለትም፣ ያለፉት ዓመታትም አልተመለሱለትም። እግሩ ግን ሞቃት ነበር።

ሲመሽ አያልነህ ተነሳና እንደ ልማዱ ጠራ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ ነው።

“አስታውስ፣ ና እንሂድ።”

“መጣን፣” አለ ከኋላው ይርዳው።

ተረቴ አለቀ። በሩን ግን አልዘጋሁትም፤ ነፋስ ይግባበት።