ዳምጤ ያስፈረሰው አጥር

ሰበብ የሚያበዛ ሰው ሲገጥመን የምንወረውራት አንዲት አጭር አባባል አለች። ሁላችንም እንላታለን፤ ከየት እንደ መጣች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የጉንደራ ሰዎች «የእኛ ናት» ይላሉ። ችግሩ ጉንደራ ሁለት መሆኑ ነው። የላይ ጉንደራዎቹን ከጠየቃችሁ፣ ቃሏ የተነገረችው አንድን ጉረኛ ለማዋረድ ነው፤ ሰውየውም ፈረሱ ገና ከዋርካው ጥላ ሳይወጣ በአፍንጫው ተተክሏል። የታች ጉንደራዎቹ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። «ቃሏ ምርቃት ነበረች! ሰውየውም ወንዙን ተሻግሮ የማዶ አገር ሰዎች ናቸው ፈረሱን ይዘው ያቆሙለት» ይላሉ። ሁለቱንም ወገን በትዕግሥት የሰማ ሰው ግን አንድ ነገር ይገባዋል፤ ታሪኩ እስከ ዋርካው ሥር ድረስ አንድ ነው። የሚለያዩት ከዚያ ወዲያ ባለው ነው። ስለዚህ እስከ ዋርካው ሥር ያለውን እናውጋ።

ሰውየው ዳምጤ ይባላል። ሰነፍ አልነበረም፤ እርፍ ሲጨብጥ የሚታማ ገበሬ አይደለም። የሚታማው በአፉ ነበር። ጥንድ በሬና አንዲት ዝግተኛ በቅሎ ነበረው፤ ፈረስ ግን ኖሮት አያውቅም። ቢሆንም በየዓመቱ በጥር ጊዮርጊስ የጉንደራ ፈረሰኞች ጉግስ ሲጫወቱ፣ ዳምጤ ከሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጦ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ይፈርድ ነበር። «እርካብ እንዲህ ይረገጣል? ይሄ ልጅ ወገብ የለውም እንዴ? አይ ፈረስ ማጣት!» ይላል። አንዱ ተናዶ የራሱን ፈረስ ሲያቀርብለት ከጆሮው እስከ ጭራው ያየውና «ይቺን? እግሬ መሬት ይጎትታል» ብሎ ይመልሳል። ሰው ይስቃል፤ ዳምጤም አብሮ ይስቃል።

ጉግሱ የሚካሄደው በሁለቱ ጉንደራዎች መካከል ባለው መስክ ላይ ነበር። መስኩ የማንም አልነበረም፤ የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ የእያንዳንዱ ይሆናል። አንዱ አጥሩን ሲያድስ እሾሁን አንድ ክንድ ወደ ፊት ያስጠጋል። ጎረቤቱ ይህን አይቶ እሱም ያስጠጋል። ሌላው ቦይ ይቆፍራል፤ ሌላው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ አምጥቶ ይከምራል። ሁሉም ስለ ወሰደ ሌባ የሚባል አልነበረም። አባት የገፋውን ልጅ ወርሶ፣ ልጅም በተራው ገፍቶ፣ በመጨረሻ ያ ሰፊ መስክ ከብት መንጃ አከለ። ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን አያስሮጥም። የጎረቤት አገር ፈረሰኞችም ቀሩ። «ጉንደራ ሄደን ማንን እንርገጥ?» አሉ አሉ።

የፈረሰኞቹ አበጋዝ ግራዝማች ሽባባው ነበሩ። ሸምግለዋል፤ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ዳማ የተባለው ፈረሳቸው ላይ ማንም አልወጣበትም። በታኅሣሥ የጊዮርጊስ ማኅበር በተጠጣበት ቀን ግራዝማች ዋንጫቸውን ሳይነኩ ቆዩና፣

«ዘንድሮ ጨዋታው ይቅር ብያለሁ» አሉ።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰበቡን ያወጣ ጀመር። የአንዱ ፈረስ አንክሷል፤ የሌላው ኮርቻ ተሰብሯል፤ ሌላው ሐዘን ላይ ነው። ስለ አጥር አንድም ሰው አልተነፈሰም። ግራዝማችም አልተናገሩም፤ ሰውን ሁሉ ሌባ ብሎ ማኅበር አይጠጣም።

ይህን ዝምታ ዳምጤ አልቻለውም። ዝምታ ሁልጊዜም ያሳክከዋል።

«እኔ ፈረስ ቢኖረኝ ኖሮ ይሄ ቃል ከዚህ ቤት ይወጣ ነበር?» አለ።

«ምን ዓይነት ፈረስ ይሆን የሚበቃህ?» አለ ቢተው። ቢተው የመስኩን ወገብ የያዘ፣ አጥሩ ከሁሉም አጥር ወደ ፊት የወጣ ሀብታም ገበሬ ነው።

«የግራዝማች ዳማ ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ግራዝማች ግን አልሳቁም። «ዳማን ሰጠሁህ» አሉ።

ዳምጤ የሚሸሽበት ቀዳዳ ፈለገ፤ አገኘም።

«ሜዳውስ?» ብሎ ጮኸ። «እሱን ሜዳ ነው የምትሉት? የፍየል መሹለኪያ! ዳማን የመሰለ ፈረስ በዚያ ላይ አስነሥቼ በማን እሾህ ልሰንጥቀው? እኔ የምጋልበው አያቶቻችን በጋለቡበት ነው፤ ከዋርካው እስከ ጭሬ ወንዝ መሻገሪያ፣ አንድ አጥር ሳያግደኝ! እሱን ስጡኝና ካልጋለብኩ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ በዚህ ማኅበር አፌን አልከፍትም!»

ማንም አልሳቀም። ዳምጤ ራሱ ምን እንዳለ የገባው የሰዎቹን ዓይን ሲያይ ነው። ሁሉም ዋንጫውን ይመለከታል። አገር ሁሉ የደበቀውን ነገር፣ እሱ ለማምለጫ ብሎ በአደባባይ አውጥቶታል።

«ሰምታችኋል» አሉ ግራዝማች፣ በዝግታ። «ሰውየው የጎደለውን ተናግሯል።»

ቢተው ፊቱ ቀላ። ዝም ቢል ወራሪው እሱ ነው፤ ቢቆጣም ያው ነው። ስለዚህ በሳቅ ወጣበት።

«ዳምጤ ዝም የሚልበትን ቀን ለማየትማ እንኳን አጥሬን ጎጆዬንም አፈርሳለሁ! ግን እማኝ ሁኑኝ፤ ያልጋለበ እንደሆን አጥሬ በማግስቱ ይመለሳል።»

«የእኔም!» አለ ሌላው። «የእኔም!» ቤቱ እንደገና ሞቀ። ውሉ በጽዋው ፊት ታሰረ።

ዳምጤ ወሬው በሳምንቱ ይረሳል ብሎ ነበር። አንድ ቀን ግን ሚስቱ ይርገዱ ከውኃ ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ በር ላይ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገሃል?»

«ምን አደረግሁ?»

«ቢተው አጥሩን እየነቀለ ነው። ‹ዳምጤ ያዘዘኝን እየሠራሁ ነው› እያለ ይዘፍናል።»

እውነትም ቢተው ሠራተኞቹን ይዞ የአጥሩን ግራር ይጎትት ነበር። ሲሠራ የሚያስበው የዳምጤን አወዳደቅ ብቻ ነው፤ በየመሀሉ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ፈረስ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ይንቀጠቀጥና ያስቃል። ሳቁ ግን ሰው ጠራ። የቢተው አጥር ሲነሣ የጎረቤቱ አጥር ብቻውን ወደ መስኩ ተንጋዶ ታየ፤ ቀድሞ ከጎኑ ሌላ ስለ ነበረ የማይታይ፣ አሁን እንደ ወጣ ጥርስ የሚያስጠላ። ጎረቤቱም አፍሮ ነቀለ። ከዚያም ተራ በተራ። የላይ ጉንደራ ሴቶች ድንጋዩን በቅርጫት አጋዙ፤ የታች ጉንደራ ወጣቶች ቦዩን ደፈኑ። ቄሱ ከቅዳሴ ሲወጡ ካባቸውን ለዲያቆኑ ሰጥተው ጉቶ ሲነቅሉ ታዩ። ለመሳለቅ የመጣ ሁሉ እጁ አፈር ሳይነካ አልሄደም።

«የእኛም ገፍቷል» አለች ይርገዱ አንድ ማለዳ፣ የራሳቸውን አጥር እያየች።

«የእኛ ምን ያህል ነው? አንድ ክንድ ቢሆን!»

«የሁሉም አንድ ክንድ ነው።»

ዳምጤ እጁን እሾህ እየወጋው የራሱን አጥር ነቀለ። የመጨረሻውን ችካል ሲያወጣ ቀና አለ፤ እንዲያ ሲል ጭሬን አየ። ከተወለደ ጀምሮ ድምፁን እንጂ ውኃውን ከደጁ አይቶት አያውቅም። አሁን ወንዙ ከሜዳው ማዶ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ያብረቀርቃል፤ በእሱና በወንዙ መካከል ምንም የለም። ሣር ብቻ፣ ነፋስም በሣሩ ላይ። ችካሉን እንደ ያዘ ቆሞ ቀረ። ከጎኑ አንዲት አሮጊት፣ እመት ውዴ፣ ከቢተው አጥር ሥር የተገኘ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በእጃቸው ይዳብሳሉ።

«ይሄ እኮ ነው!» አሉ ለራሳቸው። «ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ከበቅሎ የወረድኩበት። እኔ መሬት የዋጠችው መስሎኝ…»

ዳምጤ ያን ዕለት ማታ ራት አልበላም። የሚፈራው ውርደቱን ብቻ አልነበረም አሁን።

«እኅቴ ታማለች ተብዬ ብሄድስ?» አለ።

«እኅትህ ለበዓሉ እየመጣች ነው» አለች ይርገዱ። «አንተ ስትጋልብ ለማየት ብላ መንደሩን ሁሉ ይዛ።»

ጥር ጊዮርጊስ ደረሰ። የጉንደራ መስክ ተከፈተ የሚለው ወሬ ከአገር አገር ዞሮ ኖሮ፣ ለዓመታት የቀሩት ፈረሰኞች ከየአቅጣጫው መጡ። መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ አልነበረም፤ መሬቱ ነው። ዳምጤ በእግሩ መዳፍ ሰማው፤ ከዚያ በጉልበቱ፣ ከዚያ በደረቱ። ከዚያ ከጭሬ ማዶ አቧራው ተነሣ፤ ከአቧራው ውስጥ ቀይና ቢጫ ጌጥ የለበሱ የፈረስ ግንባሮች ብቅ አሉ። ወንዙን ሲሻገሩ ውኃው ከሆዳቸው ላይ እየተበተነ ከፀሐይ ጋር ያበራ ነበር። ፈረሶቹ ሜዳውን ባዩ ጊዜ ማንም ሳይኮረኩራቸው ተለቀቁ፤ እነሱም ያን ያህል ስፋት ናፍቀው እንደ ኖሩ ሁሉ። የሁለቱ ጉንደራ ሰው በሜዳው ዳርና ዳር ቆሞ ያያል። እልልታው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሴቶቹ መጀመሪያ አፋቸውን ይዘው ነበር። ቢተው እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል።

በዚያ መሀል ግራዝማች ሽባባው እያነከሱ፣ ዳማን በልጓሙ እየሳቡ፣ ወደ ዋርካው መጡ። ፈረሱ የበዓል ልብሱን፣ ቀይ ግላስ፣ ለብሷል፤ ጆሮው አንዴ ወደ ሜዳው አንዴ ወደ ዳምጤ ይላል። ሰው ሁሉ ዞረ። ዳምጤ ከተቀመጠበት ሲነሣ ዱላው ከጉልበቱ ወደቀ።

«ግራዝማች» አለ። «እኔ ከበቅሎዬ በቀር በምንም ላይ ተቀምጬ አላውቅም። እሷም ቆማ ነው የምትሄደው። ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው።»

«እናውቃለን» አሉ ግራዝማች።

«ታውቃላችሁ?»

«ልጄ፣ ፈረስ ላይ የወጣ ሰው አወዳደቁን ነው የሚያወራ። አንተ አንድም ቀን ስለ መውደቅ አውርተህ አታውቅም።»

ከሕዝቡ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ቢተውም ወደ ፊት ወጣ።

«አበቃ እንግዲህ! ራሱ በአፉ ተናገረ። እኔ ነገ ማለዳ ግራሬን እተክላለሁ። ውል ውል ነው።»

«የእኔም ይመለሳል» አለ ከኋላ አንዱ፣ ድምፁ ግን ደስ ያለው አይመስልም። ሌሎችም አጉረመረሙ። እመት ውዴ ድንጋያቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ቀና ብለው ዳምጤን አዩት።

ዳምጤ ወደ ቢተው አየ፤ ከዚያ ወደ ሜዳው። ነገ ማለዳ እሾሁ ይመለሳል። የቢተው ሲመለስ የጎረቤቱ ይከተላል፤ ጭሬ ተመልሶ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሰው፣ ይህ ሁሉ ፈረስ፣ በእሱ አንድ ቃል ተሰብስቧል፤ በእሱ አንድ ቃል ይበተናል። አንድ ቃል ይህን ያህል እንደሚከብድ በዕድሜው አስቦት አያውቅም።

«ግራዝማች፣ ውሉ ምን ነበር የሚለው?» ሲል ጠየቀ። «መጋለብ ነው ወይስ አለመውደቅ?»

ግራዝማች ወደ ማኅበርተኞቹ ዞሩ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጋለብ ነው» አሉ ቄሱ። «ስለ መውደቅ የተባለ ነገር የለም።»

«ቢተው፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ ቢተው።

ዳምጤ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ለይርገዱ ሰጣት። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የጉንደራ ሰው ስማኝ! አልችልም፤ ግን እወጣለሁ። ከወደቅሁም ልውደቅ፤ የምወድቀው በአያቶቼ ሜዳ ላይ ነው!»

ቢተው ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ሄዶ በዳማ ጎን ተንበረከከና እርካቡን በሁለት እጁ ያዘለት። «ግራ እግርህን አስቀድም፣ አንተ ጉረኛ» አለው በሹክሹክታ፤ «ጋማውንም እንዳትለቅ።»

ዳምጤ ወጣ። ከላይ ሲታይ ሜዳው ከቅድሙም ሰፋ። ግራዝማች ሽባባው ልጓሙን በእጁ አስጨበጡት፤ ወደ ኋላ አፈግፍገው ክንዳቸውን ከዋርካው ጀምሮ እስከ ጭሬ ድረስ ዘረጉ፤ የላይ ጉንደራ ሰዎች ስድብ፣ የታች ጉንደራ ሰዎች ምርቃት በሚሉት በዚያ ድምፅም እንዲህ አሉ፦ «እንግዲህ ልጄ፣ ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።»