ሁለቱ ደካማ ብልቃጦች

አንድ ተመራማሪ ነበረች፤ ስመኝ ይሏታል። ሳልማ ከሚባል የባሕር ዳርቻ አንድ ማንኪያ ጥቁር ጭቃ ዝቃ ወደ ላቦራቶሪዋ ወሰደች። ከጭቃው ውስጥም በዓይን የማትታይ አንዲት ባክቴሪያ ለይታ አወጣች። ባክቴሪያዋ ስትባዛ ብርቱካንማ ቀለም ታወጣለች። ስመኝም "ይቺማ የማውቃት ናት፤ ዛሬውኑ ስሟን ጽፌ እገላገላለሁ" አለች።

ምን ይገላግላት! ቀለሟን ስታይ ከአንዱ ወገን ትመስላለች። ቅርጿን በማይክሮስኮፕ ስታይ ከሌላው። የምትበላውን ስትፈትን ከሁለቱም አይደለችም። ዘረመሏን ብታስመረምር ደግሞ ጭራሽ የቅርብ ዘመድ የላትም ተባለ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ከሀ ጀመረች፤ ያው ሆነ። አራት ዓመት ሙሉ "የማን ነሽ?" እያለች ስታፈጥባት ኖረች።

በመጨረሻ አዛውንቱ ተመራማሪ ጋሽ ወልዱ መጡና መዝገቧን አገላብጠው ሳቁ።

"አንቺ ልጅ፣ የማን ናት እያልሽ ራስሽን ጨረስሽ። የማንም ባትሆንስ?"

"ማለት?"

"ማለትማ አዲስ ናት። እስካሁን ማንም አላያትም።"

ስመኝ እልል አለች። በዳርቻው ስምም ሰየመቻት። ግን ስሙ የሚጸድቀው ባክቴሪያዋ በሕይወት እንዳለች ለሁለት የባክቴሪያ ማከማቻ ቤቶች ከተሰጠች ብቻ ነው፤ ያውም በሁለት የተለያዩ አገሮች። የጠየቀ ተመራማሪ ሁሉ ከዚያ ይወስዳል። ስመኝ ይህን ስትሰማ ከበፊቱ የባሰ ዞረባት።

"እንዴ ጋሼ! ያገኘኋት እኔ፣ ያሳደግኋት እኔ። የኔ እንድትባል ለባዳ መስጠት አለብኝ? ይሄ ምን የሚሉት ሕግ ነው?"

"አየሁ ያልሽውን ሌላው ካላየው፣ ማየትሽን በምን እናምናለን?"

መልሱ አልገባትም። እውነት ለመናገር እኔም መጀመሪያ ስሰማው አልገባኝም ነበር። ስለዚህ ስመኝ ብልጥ የሆነች መሰላት። ደህና ደህናዎቹን ብልቃጦች በራሷ ፍሪዘር ቆልፋ፣ የደከሙትን ሁለቱን መርጣ ላከች። ከብዙ ወራት በኋላ "በሕይወት አለች" የሚል ማረጋገጫ ከሁለቱም ቤቶች መጣ፤ ስሙም ጸደቀ።

በዓመቱ፣ ሰው ሁሉ ለበዓል በተበተነበት ሰሞን፣ መብራት ለአምስት ቀን ጠፋ። ስመኝ ተመልሳ ፍሪዘሩን ስትከፍት ሁሉም ቀልጦ ጠበቃት። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ሞከረች፤ አንድም የተረፈ የለም። እየሮጠች ወደ ሳልማ ወረደች። እዚያ ደግሞ ዳርቻው በድንጋይና በሲሚንቶ ተሞልቶ ወደብ ሆኗል። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። መረቡን የሚጠግን አንድ ዓሣ አጥማጅ አያትና ግራ ገባው።

"ምን ጠፍቶሽ ነው እህቴ?"

"ጭቃ" አለችው።

"በስመ አብ! ለጭቃ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።"

እያፈረች ከሁለቱ ቤቶች ለአንዱ ጻፈች። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ብልቃጥ ደረሳት፤ ላዩ ላይ የሷ ስምና የሳልማ ስም ተጽፏል። አጭር ደብዳቤም አብሮት ነበር። የጻፈችው በማከማቻ ቤቱ የምትሠራ ሴት ናት፦ "የላክሽልን ሲደርሰን ለመሞት ትንሽ ነበር የቀረው። መንገድ የጎዳው መስሎን አዘንን። ስድስት ጊዜ ሞክረን እምቢ አለን፤ በሰባተኛው ተነሳልን። እንኳን ደስ አለሽ።"

ስመኝ ደብዳቤውን ይዛ ጋሽ ወልዱ ዘንድ ሄደች።

"መንገድ አይደለም የጎዳው፣ እኔ ነኝ" አለች። "እንግዲህ ይቺ የማን ናት ጋሼ?"

"ዛሬም የማን ናት ትያለሽ?" አሏት ጋሽ ወልዱ።

ወዳጆቼ፣ ለራሷ ያስቀረችው ጥሩው ሞተ፤ እየሰሰተች የሰጠችው ደካማው የአራት ዓመት ልፋቷን አተረፈላት። የቆለፍንበት ነገር ሁሉ የተጠበቀ ይመስለናል። ነገር ግን በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለ ነገር ያ ሰው የተዘናጋ ቀን ይጠፋል፤ ያካፈልነውን ግን ሌላው ያቆይልናል። እኔን እስከ ዛሬ ግራ የሚያጋባኝ ያቺ ስመኝን የማታውቃት ሴት ሰባት ጊዜ መሞከሯ ነው። ለማን ብላ? እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፦ ደህና ደህናውን ብልቃጥ የት ነው የቆለፋችሁበት?